የኮሌጅ መግቢያ ፈተና፤ ክፍሎቹና አመጣጡ

(በሬዲዮ ከተሰማው ንግግር)

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሥርዓታችን ድጓ የተማረ ሰው፥ ለብዙ ዓመታት በመምህሩ እግር ሥር ቆይቶ ዜማውን ካጠና በኋላ፥ በጋይንት ወደምትገኘው ወደ ቤተ ልሔም ሄዶ ዕውቀቱን ማስመስከሩ የቆየ ልማድ ነው። በዚያ የሚፈትኑት መምህር ተማሪውን ፊት ለፊት አስቀምጠው ድምፁን ይሰማሉ፤ የተሳሳተውን ያርማሉ፤ የጎደለውን ያስሞላሉ፤ በመጨረሻም ይህ ሰው በቅቷል ብለው ይመሰክሩለታል። የተመሰከረለትም ሰው የትም ቢሄድ፥ የቤተ ልሔም ምስክር መሆኑ ከታወቀ ሌላ ማስረጃ እምብዛም አያሻውም።

አንባቢ ሆይ፥ እስቲ አስብ። ተፈታኞቹ አንድና ሁለት መሆናቸው ቀርቶ በመቶ ሺሕ የሚቈጠሩ ቢሆኑ፥ ፈታኙም የተፈታኙን ፊት ከቶ ሳያይ፥ ድምፁንም ሳይሰማ፥ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ምስክርነት እንዲሰጥ ቢገደድ፥ ምን ዓይነት ጥያቄ ሊጠይቅ ይችላል? በዘመናችን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና የሚባለው ነገር ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። ብዙ ወጣቶች የፈተናውን ክፍሎችና የጥያቄዎቹን ብዛት በቃላቸው ያውቃሉ፤ ክፍሎቹ ስለ ምን እንዲህ ሆነው እንደ ተሠሩ ግን የሚያስተውሉት ጥቂቶች ናቸው። የነገሩን አመጣጥ የማያውቅ ሰው ደግሞ ፈተናው የሚመሰክርለትን ከማይመሰክርለት ለይቶ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን፥ ከሌሎች ይልቅ ታሪኩ በሰፊው የተጻፈለትን፥ አሳቡም እስከ አገራችን የደረሰውን የአሜሪካን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና እንመለከታለን። የአሜሪካን ነገር ስናወሳ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ሰውን በጽሑፍ ፈትኖ መምረጥ በአሜሪካ የተጀመረ አይደለም። የቻይና ነገሥታት ከሰባተኛው መቶ ዓመት አንሥቶ ሹማምንታቸውን በፈተና ሲመርጡ ኖረዋል፤ ይህም ሥርዓት እስከ 1905 ዓ.ም. ድረስ ቆይቷል። በአሜሪካ ግን እስከ አሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ እያንዳንዱ ኮሌጅ በፈቃዱ የሚያወጣው የራሱ ፈተና ነበረው። አንዱ ኮሌጅ ከላቲን መጻሕፍት ይህን ሲጠይቅ፥ ሁለተኛው ያንን ይጠይቅ ነበር። ከዚህ የተነሣ አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር በአንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡትን ተማሪዎቹን፥ ሊገቡበት እንደሚመኙት ኮሌጅ ልዩነት፥ ለየብቻ ማዘጋጀት ግዴታ ይሆንበት ነበር።

ይህን መዘበራረቅ ለማስወገድ በ1900 ዓ.ም. ጥቂት ኮሌጆችና ትምህርት ቤቶች ተባብረው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ቦርድ የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። በዚህ ሥራ ከደከሙት መካከል የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ኒኮላስ መሪ በትለርና የሃርቫርዱ ፕሬዚዳንት ቻርልስ ኤልየት ስማቸው የታወቀ ነው። የመጀመሪያው ፈተና በሚቀጥለው ዓመት በሰኔ ወር 1901 ተሰጠ፤ ተፈታኞቹም 973 ነበሩ። የተፈተኑባቸውም ትምህርቶች እንግሊዝኛ፥ ፈረንሳይኛ፥ ጀርመንኛ፥ ላቲን፥ ግሪክ፥ ታሪክ፥ ሒሳብ፥ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ናቸው። ተማሪው መልሱን በሐተታ ይጽፋል፤ መምህራንም ተሰብስበው እያነበቡ ያርማሉ።

የዚህ ፈተና ትልቁ ጥቅም ምን ነበር ቢባል፥ ከጥያቄዎቹ ይልቅ የትምህርቱ ዝርዝር አስቀድሞ መታወቁ ነው። ቦርዱ በየትምህርቱ ተማሪው ሊያውቀው የሚገባውን ጽፎ ስለሚያወጣ፥ መምህሩ ምን ማስተማር፥ ተማሪውም ምን ማጥናት እንዳለበት ለይቶ ያውቅ ነበር። ዳሩ ግን ጉድለትም ነበረበት። ላቲንና ግሪክ በማይሰጥበት በድኻ ወረዳ ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ፥ አእምሮው የቱን ያህል ብሩህ ቢሆን፥ ያልተማረውን ሊመልስ አይችልም። እንግዲህ «የተማረውን ከመጠየቅ ይልቅ የመማር ችሎታውን መጠየቅ አይቻልምን?» የሚል አሳብ ቀስ በቀስ ተነሣ።

ለዚህ አሳብ መንገድ የከፈተው ጦርነት ነው። አሜሪካ በ1917 ዓ.ም. ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት በገባች ጊዜ፥ ሮበርት ዬርክስ የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅና ጓደኞቹ ለወታደሮች የአእምሮ ፈተና አዘጋጁ። ለሚያነቡት አልፋ፥ እንግሊዝኛ ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ ቤታ የተባለው በሥዕል የሚሰጥ ፈተና ነበረ። በዚህ ዓይነት 1.7 ሚሊዮን ያህል ወታደሮች ተፈተኑ። በአንድ አዳራሽ ውስጥ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ተቀምጦ፥ አጫጭር ጥያቄዎችን በተወሰነ ደቂቃ ሊመልስ፥ እርማቱም በፍጥነት ሊከናወን መቻሉ በዚህ ታወቀ።

በዚህ ሥራ ከተካፈሉት አንዱ በኋላ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆነው ካርል ብሪገም ነው። ብሪገም በ1923 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ የወታደሮቹን ውጤት በመመርመር፥ ከሰሜን አውሮፓ የመጡ ሰዎች ከሌሎቹ ዘሮች ሁሉ በአእምሮ ይበልጣሉ ብሎ ጻፈ። አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ልብ ልትለው የሚገባ ነገር አለ። በአሜሪካ ብዙ ዓመት የኖሩት ስደተኞች፥ በቅርብ ጊዜ ከገቡት የተሻለ ውጤት ማግኘታቸው በመጽሐፉ ውስጥ ተገልጦ ነበር። ፍርዱ የቀና ሰው ይህንን ሲያይ፥ ፈተናው የሚለካው የቋንቋና የአገር ልማድ ዕውቀትን ነው ብሎ በጠረጠረ ነበር። ብሪገም ግን ኋላ የመጡት ስደተኞች ከቀደሙት ያነሰ አእምሮ ስላላቸው ነው ብሎ ተረጐመው። ቍጥሩ አልዋሸም፤ የዋሸው ተርጓሚው ነው።

ይኸው ሰው በቦርዱ ተጠይቆ ስኮላስቲክ አፕቲትዩድ ቴስት የተባለውን፥ ማለት የመማር ተሰጥዎ ፈተናን አዘጋጀ። ሰኔ ወር 1926 ዓ.ም. በገባ በ23ኛው ቀን ስምንት ሺሕ ያህል ወጣቶች ተቀምጠው ተፈተኑ። ፈተናው ዘጠኝ ክፍሎች ነበሩት፤ ሁለቱ የሒሳብ፥ ሰባቱ የቋንቋና የማሰብ ነበሩ። ክፍሎቹንም በምሳሌ እያስረዳን እንዘርዝራቸው።

የመጀመሪያው የቃላት ፍቺ ነው። ሁለተኛው በቃል የሚቀርብ የሒሳብ ጥያቄ ነው። ሦስተኛው ምደባ ነው፤ ይኸውም በአንድ ወገን የሚቈጠሩትን ቃላት ለይቶ ማውጣት ነው። አራተኛው ለፈተናው ሲባል የተፈጠረ ቋንቋ ነው፤ ተማሪው ሰምቶት የማያውቀውን ቋንቋ ጥቂት ቃላትና የሰዋስው ደንብ ከፊቱ አድርጎ ይተረጕማል። አምስተኛው ተቃራኒ ቃላት ነው። ስድስተኛው ተከታታይ ቍጥሮች ነው፤ ለምሳሌ ያህል 2፥ 6፥ 18፥ 54 ተብሎ ቢጻፍ የሚከተለው 162 መሆኑን ማወቅ ነው። ሰባተኛው የቃላት ዝምድና ነው፤ ማጭድ ለአጨዳ እንደ ሆነ ማረሻስ ለምንድን ነው? እንደ ማለት ያለ ነው። ስምንተኛው ከተሰጠው ነገር ትክክለኛውን መደምደሚያ ማውጣት፥ ዘጠነኛውም አንቀጽ አንብቦ መረዳት ናቸው።

ጥያቄዎቹ በጠቅላላው 315፥ የተፈቀደው ጊዜ ደግሞ 97 ደቂቃ ነበረ። ይህም ለአንድ ጥያቄ ከ18 ሰኮንድ ብዙም የማይበልጥ ማለት ነው። ፈጣሪዎቹ ፍጥነትን ከብልኅነት ጋር አንድ አድርገው መቍጠራቸውን ከዚህ መረዳት ይቻላል። ነገር ግን አዝግሞ የሚያስብ ሁሉ አላዋቂ፥ ፈጥኖ የሚመልስም ሁሉ ዐዋቂ አለመሆኑን ለማወቅ ሽማግሌ መጠየቅ አያስፈልግም።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ከታሪኩ ሁሉ የሚበልጥ ትምህርት አለው። ብሪገም በ1930 ዓ.ም. የቀድሞ ሥራውን መልሶ በመረመረ ጊዜ ስሕተቱን ተረዳ፤ ያ በዘር መካከል ያደረገው ማበላለጥ ሁሉ መሠረት የሌለው መሆኑንም በሙያው መጽሔት ላይ በይፋ ጻፈ። የፈተና ውጤት ትምህርትን፥ የቤተሰብን ኑሮ፥ የቋንቋን ልምድና ይህን የመሰለውን ሁሉ አብሮ የሚይዝ ነው ወደሚለውም አሳብ ደረሰ። አንድ ሊቅ ስም ያስገኘለትን መጽሐፍ በገዛ ብዕሩ መሻሩ ሊመሰገንበት ይገባል። የሚያሳዝነው ግን መጽሐፉ ቢሻርም፥ በፈተናው ላይ የተለጠፈው «የተፈጥሮ ተሰጥዎ» የሚለው ስም ለብዙ ዓመታት ሳይፋቅ መኖሩ ነው።

ፈተናው እንዲስፋፋ ያደረጉ ሦስት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው፥ በ1930ዎቹ የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት ጄምስ ኮናንት፥ ከታወቁት የሀብታም ትምህርት ቤቶች ውጭ ያሉትን ብሩህ ልጆች በነጻ ለማስተማር ፈልገው፥ ለመምረጫ ይህንኑ ፈተና መቀበላቸው ነው። ሁለተኛው መኪና ነው። ሬይኖልድ ጆንሰን የተባለ የሚሺጋን መምህር ባሰበው መሠረት የተሠራ የማረሚያ መኪና በ1938 ዓ.ም. ወጣ፤ የእርሳስ ምልክት ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ በመሆኑ፥ መኪናው ትክክለኛውን መልስ ከስሕተቱ ለይቶ ይቈጥራል። ሦስተኛው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በ1942 ዓ.ም. ከ1901 ጀምሮ ሲሰጥ የኖረው የሐተታ ፈተና ቀረ። በ1947 ዓ.ም. መጨረሻ ላይም ፈተናዎችን ብቻ የሚያዘጋጅ ድርጅት በፕሪንስተን ተቋቋመ።

አሁን ስለ ውጤቱ አቈጣጠር ጥቂት እንናገር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። የእያንዳንዱ ክፍል ውጤት ከ200 እስከ 800 ይደርሳል። 500 ያገኘ ሰው የጥያቄዎቹን ግማሽ መለሰ ማለት አይደለም። በሚያዝያ ወር 1941 የተፈተኑት ተማሪዎች ያገኙት አማካይ ውጤት 500 ተብሎ ተሰየመ፤ ከዚያም ወዲህ የመጣው ተፈታኝ ሁሉ ከእነዚያ ጋር እየተመዛዘነ ይቈጠር ነበር። ሚዛኑ እንደገና የተስተካከለው በ1995 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ይህ ቍጥር አንድ ተማሪ ከሌሎች ተማሪዎች አንጻር የት እንደሚገኝ ይናገራል እንጂ፥ ከዕውቀት ሁሉ ምን ያህሉን እንደ ጨበጠ አይናገርም።

ይህ በዚህ እንዳለ፥ ተቃራኒ አሳብ ተነሣ። የአይዋ ዩኒቨርሲቲው ሊንድኲስት፥ ተማሪን መጠየቅ የሚገባው በትምህርት ቤት የተማረውን ነው በሚለው እምነት፥ በ1959 ዓ.ም. ኤ ሲ ቲ የተባለውን ሌላ ፈተና አወጣ። ክፍሎቹም አራት ነበሩ፤ እንግሊዝኛ፥ ሒሳብ፥ የኅብረተሰብ ትምህርትና የተፈጥሮ ሳይንስ። በዚሁ ዘመን በኒው ዮርክ ከተማ በብሩክሊን ስታንሊ ካፕላን የተባለ ሰው ወጣቶችን ለተሰጥዎው ፈተና በክፍያ ያስጠና ነበር። ፈተናውን የሚያዘጋጁት ሰዎች፥ እንዲህ ያለው ጥናት ውጤትን ብዙም አይለውጥም እያሉ ለብዙ ዓመታት ሲናገሩ ኖሩ። ተማሪዎቹ ግን ወደ ካፕላን መሄዳቸውን አልተዉም። ነገሩ ግልጽ ነው፤ በጥናት የሚሻሻል ከሆነ የተፈጥሮ ተሰጥዎ ብቻ ሊባል አይችልም፤ በጥናት የሚሻሻልም ከሆነ ለጥናቱ የሚከፍለው ገንዘብ ያለው ሰው ይቀድማል።

ከዚህ ክርክር የተነሣ የፈተናው ክፍሎች አንድ በአንድ ተለወጡ። በ1994 ዓ.ም. የተቃራኒ ቃላት ጥያቄ ወጣ፤ ለሒሳብም ካልኩሌተር ተፈቀደ። በ2001 ዓ.ም. የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሪቻርድ አትኪንሰን፥ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ትተው የቃላት ዝምድና ሲለማመዱ ጊዜያቸውን ማጥፋታቸውን አይተው ፈተናውን ነቀፉ፤ በ2005 ዓ.ም. የቃላት ዝምድና ጥያቄ ቀርቶ በምትኩ ድርሰት ተጨመረ። በ2016 ዓ.ም. ድርሰቱ በፈቃድ እንዲሆን ተደረገ፤ ለተሳሳተ መልስ ይቀነስ የነበረውም ነጥብ ቀረ። በ2021 ዓ.ም. ድርሰቱ በአብዛኛው ቦታ ጨርሶ ቀረ። በ1990ዎቹም «ተሰጥዎ» የሚለው ቃል ከስሙ ወጣ፤ ዛሬ ኤስ ኤ ቲ የሚሉት ሦስት ፊደላት የምንም ቃል ምሕጻር አይደሉም።

ከ2024 ዓ.ም. ጀምሮ በአሜሪካ ፈተናው በኮምፒዩተር የሚሰጥ ሲሆን፥ ሁለት ታላላቅ ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ንባብና ጽሕፈት ነው፤ 54 ጥያቄዎች በ64 ደቂቃ ይጠየቃሉ። በዚህ ክፍል የቃልን ትርጕም ከአገባቡ መረዳት፥ የአንቀጽን ዋና አሳብና ማስረጃ መለየት፥ የሰዋስውን ሥርዓት መጠበቅና አሳብን አሳምሮ ማያያዝ ይፈተናሉ። ሁለተኛው ሒሳብ ነው፤ 44 ጥያቄዎች በ70 ደቂቃ ይጠየቃሉ። ከጥያቄዎቹ ሰባ በመቶ ያህሉ አልጀብራና ከእርሱ ከፍ ያለው ሒሳብ ናቸው፤ የቀረው የመቶኛ፥ የንጽጽርና የመረጃ ስሌት፥ ጂኦሜትሪና ትሪጎኖሜትሪ ነው። በ1926 ለአንድ ጥያቄ 18 ሰኮንድ የተፈቀደለት ተማሪ፥ ዛሬ ከ80 ሰኮንድ በላይ ተፈቅዶለታል።

እያንዳንዱ ክፍል ደግሞ በሁለት ይከፈላል። ተማሪው በመጀመሪያው ግማሽ እንዳሳየው ችሎታ፥ ኮምፒዩተሩ ሁለተኛውን ግማሽ ከበድ ወይም ቀለል አድርጎ ያቀርብለታል። አንባቢ ሆይ፥ ይህ ነገር አዲስ ሆኖ ታይቶህ ይሆናል። ነገር ግን የኔታ ተማሪያቸውን ሲያስቀጽሉ የመጀመሪያውን መልስ ሰምተው ሁለተኛውን ጥያቄ እንደ ልጁ አቅም መምረጣቸውን አስታውስ። ፈተናው ከመቶ ዓመት ያህል ጕዞ በኋላ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚጠይቀውን መምህር ለመምሰል የሚጣጣር ሆኗል።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይጠቅመናል የሚል ቢኖር፥ መልሱ ቅርብ ነው። በአገራችን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሁለቱም አሳቦች ጎን ለጎን ይገኛሉ። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ በፊዚክስ፥ በኬሚስትሪና በባዮሎጂ፥ የኅብረተሰብ ሳይንስ ተማሪ ደግሞ በጂኦግራፊ፥ በታሪክና በኢኮኖሚክስ ይፈተናል፤ እንግሊዝኛና ሒሳብም ለሁለቱም ይሰጣሉ። እነዚህ የተማሩትን የሚጠይቁ፥ የ1901ዱን መንገድ የሚከተሉ ናቸው። ከእነርሱ ጋር ግን አፕቲትዩድ የተባለ ፈተና አለ፤ ይህ ስሙም ባሕርዩም ከ1926ቱ ፈተና የመጣ ነው። ስለዚህ ወጣቱ ለሁለቱ በአንድ ዓይነት መዘጋጀት አይገባውም። ለፊተኞቹ መሠረቱ የትምህርቱን ዝርዝር ይዞ ምዕራፍ በምዕራፍ መማር ነው፤ ለኋለኛው መሠረቱ ለረጅም ጊዜ መጽሐፍ ማንበብና ሒሳብን ከነምክንያቱ መሥራት ነው። ለሁለቱም የማይጠቅመው፥ ፈተናው ሲቃረብ ያለፉትን ዓመታት ጥያቄዎች ብቻ መሸምደድ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ።

ነገሩን በተማሪው ላይ ብቻ ጥለን እንዳንሄድ ግን አንድ ቍጥር እናስታውስ። በእኛ አቈጣጠር በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር በተነገረው ውጤት፥ ለፈተና ከተቀመጡት 896,520 ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። ፈተናው ኵረጃን ለመከላከል ሲባል በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ የተሰጠ ነበረ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶችም ከአንድ ሺሕ በላይ ሆነው ተገኙ። ይህንን ቍጥር የሰማ ሰው፥ የዚያ ዘመን ልጆች ሰነፎች ነበሩ ብሎ ቢፈርድ፥ በ1923 ብሪገም የሠራውን ስሕተት መድገሙ ነው። መጽሐፍ ያልደረሰው፥ ቤተ ሙከራ ያላየ፥ በሚፈተንበት ቋንቋ የሚያናግረው መምህር ያላገኘ ልጅ የሚያመጣው ውጤት፥ ስለ ልጁ ከሚመሰክረው ይልቅ ስለ ትምህርት ቤቱ የሚመሰክረው ይበዛል። መቶ ልጅ ቀርቦ መቶው ሲወድቅ፥ የተፈተነው ልጁ ብቻ አይደለም።

ይህን ስንል ፈተና አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። ፈተና በሌለበት አገር ቦታውን የሚወስደው ብዙ ጊዜ የወገን ልጅ ነው፤ የሃርቫርዱ ኮናንት ፈተናውን የፈለጉትም የድኻውን ልጅ ከሀብታሙ ልጅ ጋር እኩል ለማስቈጠር ብለው ነበር። የምንለው ምስክርነቱ በልኩ ይወሰድ ነው። የቤተ ልሔሙ መምህር ተማሪው በጎደለበት ቦታ ሲደርሱ ጕድለቱን ነግረው አስሞልተው ይመልሱታል እንጂ፥ ተፈጥሮህ ነው ብለው አያሰናብቱትም። የወደቀውን ተማሪ ጕድለቱን አሳይቶ መንገዱን የሚያመለክት ፈተና እውነተኛ ፈተና ነው፤ ያንን የማያደርግ ግን፥ በኮምፒዩተር ቢሰጥም በእርሳስ፥ ቍጥር ከመናገር አያልፍም።